የልብ ኤምአርአይ ታዟል፤ የት እናሠራው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

አክስቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሆዷ ይነፋል። ከገበያ ዘንቢል ይዛ ስትመለስ ሦስት ቦታ ትቀመጣለች። ደሴ ያያት የልብ ሐኪም ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ሠራላትና «አንድ ነገር መለየት አለብኝ» ብሎ የልብ ኤምአርአይ፣ ማለትም በትልቅ ማግኔት የሚነሳ የልብ ምስል፣ አዘዘላት።

ቤት ውስጥ የተነሳው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር። የት ነው የሚሠራው? ስንት ነው? አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ያለ የግል ምርመራ ማዕከል ስልክ ሰጠን። ደወልን። «ኤምአርአይ አላችሁ?» «አለን፣ ኑ» አሉን። ሌሊት ተነስተን ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጓዝን። በማግስቱ ጠዋት ካርድ አውጥተን ተራ ያዝን። ባለሙያው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «የልብ ነው እንዴ? እኛ የጭንቅላትና የወገብ ነው የምንሠራው። በዚህ ማሽን የልብ አይሠራም» አለን። አክስቴ ሻሿን አስተካከለችና «አብሽሩ፣ እንነሳ» አለች። የሦስት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ ከሁሉ በላይ የእሷ ድካም በከንቱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሞችን እየጠየቅሁ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየኋቸው። ይህን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ያንን መንገድ እንዳይደግመው ነው። የክሊኒክ ስም አልጠራም። «እዚህ ሂዱ» አልልም። በምን መለካት እንዳለባችሁ ግን እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት የሚያልበው፣ ራሱን የሳተ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ይህን መመሪያ አያንብብ። ኤምአርአይ ቀጠሮም አይጠብቅ። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም አቅራቢያው ወዳለ ድንገተኛ ክፍል አሁኑኑ ውሰዱት።

## መለኪያዎቹ

የሐኪሙ ጥያቄ። የመጀመሪያው መለኪያ ማሽንም ዋጋም አይደለም። ሐኪሙ ምን ማወቅ ፈልጎ ነው ያዘዘው? ወረቀቱ ላይ «የልብ ኤምአርአይ» ብቻ ከተጻፈ ከክፍሉ ሳትወጡ ጠይቁ። «ዶክተር፣ በዚህ ምርመራ ምን ለመለየት ነው? መልሱ እንዲህ ቢሆን ሕክምናው ምን ይሆናል? እንዲያ ቢሆንስ?» በዚህ የሚቀየም ሐኪም የለም። መልሱ ምንም ሆነ ምን መድኃኒቱ ያው ከሆነ፣ ምርመራው አሁን የግድ ነው ወይ ብላችሁ ጨምሩ።

የአክስቴ ጥያቄ ግልጽ ነበር። ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዳለች። ቲቢ አንዳንዴ ልብን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይይዛል። ሽፋኑ ይወፍርና ይደድራል፤ ልብ በደም እንዳይሞላ አንቆ ይይዘዋል። የልብ ጡንቻው ራሱ ሲደድርም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው። እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ችግሩ የሽፋኑ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ሊነሳ ይችላል። የጡንቻው ከሆነ ያ ቀዶ ሕክምና አይጠቅማትም። ሐኪሟ የፈለገው ይህን መለየት ነበር። ይህን ጥያቄ በወረቀቱ ላይ በሁለት መስመር አስጽፉ። ፎቶውን የሚያነሳው ባለሙያ የት የት ላይ እንደሚያተኩር የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ማሽኑ ለልብ ተዘጋጅቷል ወይ? ፎቶ ሲነሳ የሚንቀሳቀስ ልጅ ፊቱ ይደበዝዛል። ልብም እንደዚያው ነው፤ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ደረት ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ማሽኑ ከልብ ምት ጋር እየተናበበ ያነሳል። ለዚህ የራሱ ሶፍትዌር፣ ደረት ላይ የሚታሰር መቀበያና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ኤምአርአይ ስላለ የልብ ኤምአርአይ ይሠራል ማለት አይደለም። እኛ ይህን ባለማወቅ ነው ሁለት ሌሊት ያደርነው።

የማሽኑ የማግኔት ጉልበት ቴስላ በሚባል መለኪያ ይለካል። ለልብ በብዛት የሚሠራበት 1.5 ቴስላ ነው። 3 ቴስላም ይሠራል፤ ለልብ ግን ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ ይሻላል ማለት አይደለም። ጎኑ ክፍት የሆነው፣ 0.3 ወይም 0.4 ቴስላ የሆነው ዓይነት ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ሰው ደስ ይላል፤ ለጉልበትና ለወገብም ያገለግላል። ለልብ ግን አይሆንም።

ማን ያነበዋል? ፎቶው ቢያምር የሚያነበው ከሌለ ወረቀት ነው። የልብ ኤምአርአይ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የልብ ምስል ላይ የሠራ ራዲዮሎጂስት (የምስል ምርመራ አንባቢ ሐኪም) ወይም የልብ ሐኪም መሆን አለበት። «በወር ስንት የልብ ኤምአርአይ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠሩት ወዲያው ይመልሳሉ።

የታካሚው አቅም። ለአንድ ሰዓት ያህል በጀርባ መተኛት ይችላል? ትንፋሹን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መያዝ ይችላል? ኩላሊቱስ? በሰውነቱ ውስጥ ብረት አለ? ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

ጠቅላላ ወጪና ጊዜ። የምርመራው ዋጋ ከወጪው አንዱ ክፍል ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ መንገድ የራሱ ዋጋ አለው።

## ኤምአርአይ፣ ኢኮ ወይስ ሲቲ?

ብዙ ሰው ኤምአርአይን የምርመራዎች ሁሉ አለቃ አድርጎ ያያል። ውድ ስለሆነ የበለጠ ያሳያል ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ አለው።

ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ደሴ ላይ ይሠራል። የልብ በሮችን፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ እየተከፈቱና እየተዘጉ በቀጥታ ያሳያል። ልብ ምን ያህል እንደሚረጭ ይለካል። በልብ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩን ያያል። በአገራችን ወጣቶችን በብዛት የሚያጠቃው የልብ ሕመም በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚነሳው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ለእሱ ዋናው ምርመራ ኢኮ ነው። ልጃችሁ በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ከሆነና «ቫልቩ ጠቧል» ከተባላችሁ፣ ገንዘባችሁን ለኤምአርአይ ሳይሆን ለጥሩ ኢኮና ላልተቋረጠ ክትትል አውሉት።

የኢኮ ድካም ምስሉ በሠሪው እጅ ላይ መመካቱ ነው። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ወይም ሳንባው የተጎዳ ሰው ላይ ምስሉ ይከዳል። ኢኮአችሁ «አልጠራም» ከተባለ መጀመሪያ የሚሻለው በሌላ የልብ ሐኪም ኢኮውን ማስደገም ነው። ከአዲስ አበባ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

የልብ ሲቲ በራጅ ጨረር ብዙ ምስል እያነሳ የልብን ደም ስሮች ያሳያል። ጥያቄው «የልብ ደም ስሬ ጠቧል ወይ?» ከሆነ ከኤምአርአይ ይልቅ እሱ ይቀርባል። ምርመራው ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ግን ጨረር አለው፣ በአዮዲን የተሠራ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ፣ ይወጋል፣ የልብ ምትም በደቂቃ ከ60 እስከ 65 አካባቢ ወርዶ መገኘት አለበት። ለዚህ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። ሽፋኑ ካልሲየም ይዞ እንደ ድንጋይ ከደረቀም ሲቲ ጥሩ አድርጎ ያሳየዋል።

ኤምአርአይ የልብ ጡንቻን ሥጋ ያሳያል። ኮንትራስት ከተወጋ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚነሳው ምስል የትኛው ጡንቻ ሕያው፣ የትኛው ጠባሳ እንደሆነ ይለያል። ጡንቻው መቆጣቱን፣ ያለ ምክንያት መወፈሩን፣ ብረት ማጠራቀሙን ያያል። ልብ ውስጥ የታየው ነገር የረጋ ደም ነው ወይስ እጢ? ይለያል። የሽፋኑን ውፍረት ይለካል፤ ልቡ በሽፋኑ መታነቁን በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳያል። ከወሊድ ጀምሮ ያለ የተወሳሰበ ችግርንም በደንብ ያሳያል። ጨረር የለውም። ግን ረጅም ነው፤ ከ45 እስከ 90 ደቂቃ።

አንጂዮግራፊ በደም ስር በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚሠራ ነው። ምርመራም ሕክምናም ነውና በአብዛኛው የጠበበውን ስር ለመክፈት ሲታሰብ የሚደረስበት ነው። ከሌሎቹ ጋር አላወዳድረውም።

| ምርመራ | በደንብ የሚመልሰው | ደካማ ጎኑ | የሚፈጀው ጊዜ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ኢኮ | ቫልቭ፣ የልብ የመርጨት አቅም፣ በልብ ዙሪያ ውሃ | በሠሪው እጅ ይወሰናል፤ ጠባሳ በግልጽ አያሳይም | 30 ደቂቃ ገደማ | የለውም ማለት ይቻላል |
| የልብ ሲቲ | የልብ ደም ስር መጥበብ፣ ካልሲየም | ስለ ጡንቻው የሚናገረው ጥቂት ነው | ደቂቃዎች፤ ዝግጅቱ ይረዝማል | ጨረር፣ ኩላሊት፣ አለርጂ፣ ፈጣን ምት |
| የልብ ኤምአርአይ | ጡንቻ፣ ጠባሳ፣ የልብ ሽፋን፣ እጢ | ለደም ስር መጥበብ ሲቲን አያህልም፤ ምት የተዘበራረቀበት ላይ ይደበዝዛል | ከ45 እስከ 90 ደቂቃ | ብረት፣ ኩላሊት፣ ጠባብ ቦታ መፍራት፣ በጀርባ መተኛት |

## የት ይሠራ?

ቅርብ ያለ ኤምአርአይ። መንገድ ይቀንሳል፣ ታካሚው ቤቱ ያድራል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «አላችሁ?» ሳይሆን «የልብ ትሠራላችሁ?» ነው። «እንሞክራለን» የሚል መልስ ካገኛችሁ አትሂዱ። ለልብ ባልተዘጋጀ ማሽን የተነሳ ምስል ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ገንዘቡ ወጥቶ እንደገና ሌላ ቦታ መነሳት ይመጣል።

አዲስ አበባ፣ የልብ ኤምአርአይ የሚሠራ የግል ተቋም። ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል፤ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ሪፖርቱም በቀናት ውስጥ ይወጣል። ጉዳቱ ወጪው ሙሉ በሙሉ ከኪስ መሆኑና ምርመራውን የሚሠሩት ሰዎች የታካሚውን ታሪክ አለማወቃቸው ነው። ወረቀቱ ብቻ ነው የሚናገርላችሁ። የኢኮ ሪፖርት፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ)፣ የድሮ ቀዶ ሕክምና ወረቀት፣ የመድኃኒት ዝርዝር ሁሉንም በአንድ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ።

ስልክ ስትደውሉ ለእንግዳ መቀበያዋ ብቻ አትጠይቁ። «ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ባለሙያ አገናኙኝ» በሉ። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ «የልብ ኤምአርአይ ነው፤ ኮንትራስት ያለው። ጥያቄው ይሄ ነው» ብላችሁ ከወረቀቱ አንብቡለት። «ማሽኑ ስንት ቴስላ ነው? ከልብ ምት ጋር ይናበባል? ማነው የሚያነበው? ሪፖርቱ በስንት ቀን ይደርሳል? ሲዲ ትሰጣላችሁ? ዋጋው ኮንትራስቱን ይጨምራል?» አምስት ደቂቃ የማይሞላ ወሬ ነው። ከተቻለ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። በሁለተኛው ጊዜ እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ባለሙያው ራሱ መልሶ ደውሎ ስለ ቲቢው ጠየቀን፤ ያኔ ትክክለኛው ቦታ እንደደረስን ገባን።

በሪፈር፣ በመንግሥት ሆስፒታል። ዋጋው ይቀንሳል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁም ልትጠቀሙበት የምትችሉት ውል ባለባቸው ተቋማት፣ በሪፈር ሥርዓቱ ስትሄዱ ነው። ሪፈሩን ሳትይዙ ቀጥታ ብትሄዱ መብቱ ይቀርባችኋል። ሌላው ጥቅሙ ያዘዘው፣ ያነበበውና የሚያክመው ሐኪም አንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው ነው። ጉዳቱ ወረፋው ነው። ሐኪማችሁን «ሁለት ወር ብንጠብቅ ጉዳት አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። «የለውም» ካለ መጠበቅ አያሳፍርም። ልጅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሕፃናት የልብ ሐኪም ይየው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የሚታወቀው በዚህ ነው። ትንሽ ልጅ ማሽን ውስጥ ተረጋግቶ ስለማይተኛ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያ ደግሞ ክሊኒክ የመምረጥ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ውጭ አገር። ለምርመራ ብቻ ከሆነ አልመክርም። ቀዶ ሕክምናውም እዚያው የሚሠራ ከሆነ ያኔ ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚዘነጋው ግን ምስሉ ራሱ መሄድ እንደሚችል ነው። አዲስ አበባ የተነሳውን ምስል ሙሉ ፋይሉን ይዞ ሌላ አገር ላለ ሐኪም መላክና ሁለተኛ ንባብ ማግኘት ይቻላል። ታማሚው ከቤቱ ሳይወጣ።

| የት | ፍጥነት | ወጪ | ለማን ይስማማል |
|---|---|---|---|
| ቅርብ ያለ ማሽን | ፈጣን | ከሁሉ ዝቅተኛ ጉዞ | የልብ እንደሚሠራ በእርግጥ ከተረጋገጠ ለሁሉም |
| አዲስ አበባ፣ የግል | ፈጣን | ከፍተኛ፤ ጉዞና አልጋ ይጨመራል | ሕክምናው መልሱን ለሚጠብቅና አቅም ላለው |
| በሪፈር፣ መንግሥት | ወረፋ አለው | ዝቅተኛ፤ መድን ሊረዳ ይችላል | መጠበቅ ለሚችል፣ ተከታታይ ሕክምና ለሚያስፈልገው |
| ውጭ አገር | ቪዛና ዝግጅት ይፈጃል | ከሁሉ ከፍተኛ | ቀዶ ሕክምናውም እዚያው ለሚሆን ብቻ |

## ከቤት ሳትወጡ የሚለይ ነገር

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለሰው በእነዚህ ነው። ሁሉም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እያላችሁ የሚታወቁ ናቸው።

ኩላሊት። የኤምአርአይ ኮንትራስት ጋዶሊኒየም የሚባል ነው። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው፣ eGFR የሚባለው የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ለወረደ፣ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ደሴ ላይ አሠርታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ደርሶ «ኩላሊትህ ይታይ» መባል አንድ ቀን ያስጨምራል። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ አስቀድማ ትናገር፤ ኮንትራስቱ ለእሷ አይመከርም።

ብረት። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል የተቀበረ መሣሪያ፣ ያለው ሰው የመሣሪያውን ካርድ ይያዝ። አንዳንዱ ከኤምአርአይ ጋር ይስማማል፣ አንዳንዱ አይስማማም፤ የሚለየው በካርዱ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭና ስቴንት (የጠበበ ደም ስር የሚከፍት የሽቦ ቱቦ) በአብዛኛው ችግር የለባቸውም። ያም ሆኖ ወረቀታቸው ይምጣ። የእኛ አካባቢ ሰው ሊደብቀው የማይገባ ነገር አለ። በጦርነቱም ሆነ በሌላ ጊዜ ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረበት ሰው አለ። ቁስሉ ድኖ ስለቆየ ይረሳዋል። ማግኔቱ ግን አይረሳውም። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ብየዳ ቤት የሠራ፣ ዓይኑ ውስጥ ብረት ገብቶበት የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ ይናገር። አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት እናትም ለባለሙያው ትንገረው፤ አንዳንድ ቀለም ብረት አለበትና ሊያቃጥል ይችላል።

አክስቴ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ቀለበቷን፣ አምባሯን፣ የአንገቷን ብር አወለቀች። ጨረስኩ አለች። ነርሷ ሻሿን ዳሰሰችና ሁለት መርፌ ቁልፍ አወጣች። ከቀሚሷ ውስጠኛ ኪስ ደግሞ ሦስተኛው ወጣ። ክታብም፣ መስቀልም፣ የፀጉር ሽቦም፣ የጡት መያዣም እንደዚሁ ነው። እዚያ ከመፍታት ከቤት ሳትወጡ መፍታት ይሻላል።

መተኛት። ሌሊት ሦስት ትራስ ደርቦ የሚተኛ ሰው አንድ ሰዓት በጀርባው ቀጥ ብሎ ሊተኛ አይችልም። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጀመሪያ በመድኃኒት ውሃው ይቀነስለታል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ረጅም መንገድ ሲሆን ሽንት ቤት ስለሌለ ብዙ ታካሚ የሽንት ማብዢያ ኪኒኑን በዚያ ቀን ይተወዋል። እኔ ራሴ አክስቴን «ዛሬ ብትተዪው ምን አለበት» ብያት ነበር። የሚተወው ሰው ውሃው ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀምና በማግስቱ ማሽን ላይ መተኛት ያቅተዋል። በራሳችሁ አታቋርጡ። በስንት ሰዓት ይውሰድ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ጾም ላይ ያለ ሰውም የኪኒኑን ሰዓት እንደዚሁ ያስተካክል።

ትንፋሽ። ማሽኑ ውስጥ ደጋግሞ «ትንፋሽ ያዙ» ይባላል። አንዳንድ ማሽን ቀድሞ የተቀረጸ የውጭ ቋንቋ ድምፅ ነው የሚያሰማው። አክስቴ ያ ድምፅ ቢመጣባት ኖሮ ምን እንደሚላት አታውቅም ነበር። ባለሙያው ራሱ በአማርኛ እንዲነግራት አስቀድመን ለመንነው፤ እሺ አለ። ኦሮምኛ ብቻ ለሚሰሙ የከሚሴ እናቶችም ይህ ይጠየቅ። ከጉዞው በፊት አንድ ሳምንት ቤት አለማመድናት። «አየር አስገቢ። አስወጪ። ያዢ።» የእህቴ ልጅ ሰዓት ይዞ ይቆጥርላታል። መጀመሪያ ስድስት ሰከንድ ነበር፣ ኋላ አሥራ ሁለት ደረሰች።

ጩኸትና ጠባብነት። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ይጮኻል። የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል። እጅ ላይ የሚጨመቅ መጥሪያ አለ፤ ሲጫኑት ባለሙያው ይመጣል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው አይደነግጥም።

ቡና። ሐኪሙ ያዘዘው ልብን በመድኃኒት እያስጨነቁ የሚሠራውን ዓይነት ከሆነ ከምርመራው በፊት ለ24 ሰዓት ቡና፣ ሻይና ኮካ አይጠጣም። ወሎ ውስጥ ይህ ከባድ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የለመደ ሰው «አንዲት ሲኒ ምን ታደርጋለች» ይላል። አንዲት ሲኒ መድኃኒቱ እንዳይሠራ ታደርጋለች። ጫት ደግሞ የልብ ምት ስለሚያፈጥን ለየትኛውም የልብ ምርመራ ቀደም ብሎ ይቁም።

## ወጪውን እንዴት እንደምታሰሉት

ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በስልክ የነገሯችሁን ጻፉ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ደምሩበት። ኮንትራስቱ ለብቻው ይከፈል እንደሆነ። የክሬአቲኒን። የሁለት ሰው ደርሶ መልስ፤ ታካሚ ብቻውን አይላክም። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አልጋ። የከተማ ታክሲ። ሪፖርቱን ይዞ ሐኪም ጋ እንደገና የሚቀረብበት ካርድ። አንድ ቦታ ረክሶ ሌላው ቢወደድ ልዩነቱ አንዳንዴ በሪፖርት መዘግየት በሚጨመር አንድ ሌሊት አልጋ ይጠፋል። ሪፖርቱን በቴሌግራም የሚልክ ቦታ በዚህ ይበልጣል።

መንገዱን አስቡበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የአዲስ አበባው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ያ ብርድና ስስ አየር ይሰማዋል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለደከመ ሰው የቲኬቱ ልዩነት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። መብረር ይችል እንደሆነ ግን ሐኪሙ ይወስን። በአውቶቡስ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ከምርመራው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና ታካሚው ይረፍ።

## በየፍላጎቱና በየአቅሙ

ምንም ምልክት ሳይኖርባችሁ «ጎረቤቴ በልብ ሞተ፣ እኔም ልታይ» ከሆነ ኤምአርአይ አያስፈልጋችሁም። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ኢሲጂ ይበቃል። ሐኪሙ ከእነዚያ ተነስቶ ይቀጥላል።

ቫልቭ ከሆነ፣ ጥሩ ኢኮ። ስትራመዱ ደረታችሁን የሚይዛችሁ ከሆነ፣ ስለ ሲቲ ወይም አንጂዮግራፊ ጠይቁ።

በጀታችሁ አነስተኛ ሆኖ ሐኪሙ «አያስቸኩልም» ካለ፣ መድናችሁን አሳድሱና ሪፈር ይዛችሁ ወረፋ ግቡ። ብር ተበድሮ፣ በሬ ሸጦ ለማይቸኩል ምርመራ አዲስ አበባ መሄድ ቤተሰብ ይጎዳል። ሁለት ሦስት ቤት አይቻለሁ፤ ለምርመራው ሸጠው ለመድኃኒቱ ያጡ። በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ የሥራ ቦታ የጤና መድን ይኖራችሁ እንደሆነ፣ የግል ተቋምን ይሸፍን እንደሆነ ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሳይጠይቅ ከኪሱ ይከፍላል።

መካከለኛ አቅም ካላችሁና ሕክምናው ይህን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ የግል ተቋም ሂዱ። በስልክ አጣርታችሁ፣ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ኩላሊቱን አሠርታችሁ። አክስቴ እዚህ ውስጥ ነበረች። አቅም ያላችሁም ብትሆኑ ገንዘባችሁን በማሽኑ ቁጥር ላይ ሳይሆን በአንባቢው ላይ አውሉት። ሁለተኛ ንባብ ማስነበብ ሁለተኛ ጊዜ ከማስነሳት ይረክሳል።

ስትወጡ ሦስት ነገር ሳትይዙ አትውጡ። የተፈረመበት ሪፖርት፣ ሙሉ ምስሉ ያለበት ሲዲ ወይም ፍላሽ፣ የተሰጠው የኮንትራስት ስምና መጠን። የታተመ ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ የልብ ምስል ተንቀሳቃሽ ነው፣ በወረቀት ላይ አይታይም። ሪፖርቱ ላይ የልቡ የመርጨት አቅም በመቶኛ፣ ጠባሳ መኖር አለመኖሩና የሐኪማችሁ ጥያቄ መልስ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። መልሱ ከሌለ «ሐኪማችን ይህንን ነበር የጠየቀው» ብላችሁ አስጨምሩ።

የአክስቴ ሪፖርት ላይ ሽፋኑ መወፈሩ፣ ጡንቻው ደህና መሆኑ ተጽፎ ነበር። ሲዲውን በነጠላ ጠቅልላ የቤቱ ካርታ ያለበት ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ቀዶ ሐኪሙ ጋ ስትቀርብ መጀመሪያ የጠየቃት እሱን ነው።